ሃጂ ሰመድ በረዶ ተቀበሉ

ሃጂ ሰመድ በረዶ ተቀበሉ። በእጃቸው። በገዛ እጃቸው፣ ከትንሿ ልጅ ከዙኒ እጅ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። መቀበል ብቻ መሰላችሁ? ፈረናቸውን፣ ያን ሰፊ የክረምት ካባቸውን፣ ገለጥ አድርገው ሆዳቸው ላይ አስጠግተው ታቀፉት። እንደ ሕፃን። ይሄን ነገር ቀስ ተብሎ መጨረሻ ላይ ነበር መናገር የሚሻለው፣ ግን እንዴት ተብሎ ይቻላል?

እሺ፣ ከመጀመሪያው።

እኛ ጋ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ የጣለ ቀን ሰው ሁሉ ተንኮለኛ ይሆናል። ከበረዶው ቆንጠር ያደርግና በወረቀት ይሁን በጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ ከዚያ ሄዶ ለጎረቤቱ «እንካ፣ ይሄን ያዝልኝ» ይለዋል። ያ ሰው ምንም ሳይጠረጥር በእጁ ከተቀበለ፣ ሰጪውም ወዲያው «የአዲስ በረዶ እንኳን አደረሰህ» ካለው፣ አለቀ። ተቀባዩ ተሸንፏል፣ የተጠየቀውን ይፈጽማል። አብዛኛው ሰው ግብዣ ነው የሚጠይቀው። ኢማሙ እንኳ አንዴ በሰባት ዓመት ልጅ ተሸንፈው ዶሮ አርደዋል።

ሃጂ ሰመድ ግን ተሸንፈው አያውቁም። አርባው ሲገባ፣ አርባው ማለት ያ ብርዱ የቧንቧ ውሃ የሚያደርቅበት አርባ ቀን፣ የሃጂ ሰመድ እጆች ፈረናቸው ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። ሻይ ሲያቀርቡላቸው «እዚያ አስቀምጪው»፣ መልስ ሲሰጧቸው «ባንኮኒው ላይ አድርገው»። የሚስታቸውን ሻይ ራሱ ከምንጣፍ ላይ ነው የሚያነሱት። አንዴ መስጊድ በር ላይ ሰው ሰላም ሊላቸው እጁን ቢዘረጋ ክርናቸውን ሰጡት ይባላል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ትንበያ አለ። ከኋላቸው ሰው ሁሉ «ሰመድ ትንበያ» ነው የሚላቸው። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ከከተማው ከስሪናጋር የሚነበበውን የአየር ሁኔታ ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ልክ ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው። የዘንድሮው ትንበያ ደግሞ ሳምንት በሳምንት አንድ ዓይነት ነው። «ከእሁድ ጀምሮ ደካማ ደመና ከምዕራብ ይገባል። በተራራማ ቦታዎች አልፎ አልፎ ቀላል በረዶ ይጠበቃል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ደረቅ። ሐሙስ ሌላ ደካማ ደመና ይገባል።» በቃ ይሄው ነው። ይገባል፣ ትንሽ ይነፋል፣ ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። መሬት ላይ ግን የሚተኛ በረዶ የለም።

ሰፈሩ ነገሩን ቀልድ አደረገው። ዳቦ ጋጋሪውን ሱላን «ትኩስ አለ?» ሲሉት «አልፎ አልፎ» ይላል። የዙኒን እናት ጎረቤቶቿ «ባልሽ ቤት ውስጥ ያግዝሻል?» ቢሏት «ቀላል እገዛ፣ ያውም በተራራማ ቦታዎች» ብላ ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። የፖም ዛፍ ያለው ሰው ግን ከሳቀ በኋላ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ተራራው በረዶ ካልጠገበ በበጋ ቦዩ ውስጥ የሚወርድ ውሃ የለማ።

ዙኒ ስለ ፖሙ አልነበረም የምታስበው። ስለ እህቷ ነበር።

ታላቅ እህቷ ሙቢና ለሃጂ ሰመድ ልጅ ለኢምቲያዝ ከታጨች ይሄ ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ኢምቲያዝን ብታዩት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሙቢና በመንገድ ስታልፍ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ የሚያጋጭ ልጅ ነው። ይዋደዳሉ፣ ሁሉም ያውቃል። ግን የሠርጉ ቀን አልተቆረጠም። ለምን? በሩዝ ምክንያት።

ወላሂ በሩዝ። አምና የዙኒ አባት ገኒ እንደ ወጉ ለሃጂ ሰመድ ቤት ሃሪሳ ላከ፣ ከትንሽ ሩዝ ጋር ሌሊቱን ሲወቀጥና ሲንተከተክ ያደረ ሥጋ፣ ቅቤ የተፈነጠቀበት፣ በመዳብ ድስት ሙሉ። ሃጂ ሰመድ ቀመሱና «ሥጋው ጥሩ ነው፣ ሩዙ ትንሽ በዛ» አሉ። ይሄን ብቻ ነው ያሉት። ወሬው ግን ከታችኛው ሰፈር ወደ ላይኛው ሰፈር እየወጣ ሲሄድ ክብደት ጨመረ። ገኒ ጆሮ ሲደርስ «ሩዝ አብልቶን ሃሪሳ ነው አለን» ሆኖ ነበር። ገኒ ለኢድ ሳይሄድ ቀረ። ሃጂ ሰመድ ለፖም ለቀማ ሳይመጡ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ «እሱ ይምጣ።»

«አባዬ፣ አንተ ብትሄድስ?» አለችው ዙኒ አንድ ቀን።

«ማን? እኔ? ሩዜን ይዤ?»

በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። የሃጂ ሰመድ እህት በወንዝ ማዶ ለኢምቲያዝ ሌላ ልጅ እያየች ነው ተባለ። ሙቢና ለሠርጓ እየጠለፈችው የነበረውን ልብስ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ዝም ብላ የጨው ሻይ ትቀዳለች፣ ዝም ብላ ትጠጣለች።

ያኔ ነው ዙኒ ያሰበችው። ሃጂ ሰመድን ማንም ሊያመጣቸው ካልቻለ በረዶ ያመጣቸዋል። የተሸነፈ ሰው የተጠየቀውን ይፈጽማል፣ እሳቸው ደግሞ ሃጂ ናቸው፣ ቃላቸውን አያጥፉም። አንድ ጊዜ በእጃቸው ይቀበሉ እንጂ ቤታችን ይምጡ፣ ቀን ይቁረጡ ትላቸዋለች። አንድ የመጀመሪያ በረዶ፣ አንድ ዕድል። ሌላ ሰው በሌላ በረዶ ከቀደማት ወይ እሳቸው ካወቁባት፣ እስከሚቀጥለው ክረምት ማን ይጠብቃል? ኢምቲያዝን እስከዚያ ድረው ይጨርሱታል።

እሁድ ማለዳ ደካማው ደመና ገባ። ዙኒ ቆርቆሮ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር አየች፣ የስኳር ያህል። በማንኪያ ፍቃ ፍቃ በወረቀት ጠቀለለችና የመድኃኒት መልክ ሰጠችው። ከዚያ ቁልቁል ሮጠች።

ሃጂ ሰመድ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው የለም፣ ፈረኑ ውስጥ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ሃጂ። ይሄን መድኃኒት ለእትዬ ስጡልን ተብሎ ነው።»

«ወአለይኩም ሰላም። እዚያ ድንጋይ ላይ አኑሪው።»

«ንፋስ ይወስደዋል እኮ ሃጂ።»

«የሚወስደው ከሆነ ይውሰደው። አንቺ የገኒ ትንሿ ነሽ አይደል? ያቺ አፈኛዋ።» ከዘራቸውን አወጡና በጫፏ ወረቀቱን ገለጥ አደረጉት። ጠብ አለ። ውሃ። «እህ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ደካማ ደመና እንደሚገባ ሐሙስ ዕለት ነግረውኛል። እኔን በትንበያ ቀን? ልጄ፣ ቢያንስ በረዶ ይዘሽ ነይ። ውሃማ አይቆጠርም፣ ከወንዝም እቀዳለሁ።»

ማታ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። አባቷ ሳቀባት፣ ያውም ሩዝ ትን እስኪለው። «ለሰመድ? በወረቀት ውሃ? እንኳን አንቺ፣ ነጋዴው፣ ደላላው፣ የሾፌሮች አለቃው ሞክሮት ሞክሮት ትቶታል።» ሙቢና ብቻ አልሳቀችም። ሳህን ስታጥብ ጠጋ ብላ፣ «ዙኒ፣ ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው። ሰው ፊት አትዋረጂ» አለቻት።

መተው ማን ያውቃል? ዙኒ ግን አንድ ነገር ገብቷት ነበር። «እኔን በትንበያ ቀን?» ነው ያሉት። ማለት፣ ሃጂ ሰመድ የሚጠነቀቁት በረዶ ይጥላል የተባለ ቀን ነው። ደረቅ ሲባልስ? ሰኞ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ አየቻቸው። ትንበያው ደረቅ ብሏል፣ እሳቸውም፣ ሰው ልብ አላለውም እንጂ፣ እጃቸውን ፈታ አድርገው ያወራሉ፣ የሰው ልጅ ጉንጭ ይቆነጥጣሉ፣ ከሱላ እጅ ዳቦ በቀጥታ ይቀበላሉ። ማክሰኞም እንደዚያው። ዙኒ ቤቷ ስትመለስ ዳቦውን መንገድ ላይ ግማሹን ጨርሳው ነበር፣ ከደስታ ብዛት።

ችግሩ ደረቅ በተባለ ቀን በረዶ ከየት ይመጣል?

ረቡዕ ንጋት ላይ መጣ። ከየትም ሳይሆን ከላይ። የላይኛው ሰፈር ጀርባ ያለው የፖም ማሳ ላይ ጉም ወርዶ አደረ፣ ሲነጋ ጉሙ ብን ብን እያለ በረዶ ሆነ። ቀላል ነው፣ በጣም ቀላል፣ ግን በእጅ የሚዛቅ። የመጀመሪያው። ከማሳው በታች ግን ጠብ አላለም፣ ታችኛው ሰፈር ደረቅ። ዙኒ በጫማዋ ላይ ሌላ ጫማ ልትደርብ ምንም አልቀራት፣ እንደዚያ ነው የተጣደፈችው።

በምን ትውሰደው? ወረቀት አይታሰብም። ጨርቅም ያውቁታል። ዓይኗ በሩ ሥር የተቀመጠችው የእናቷ ካንግሪ ላይ አረፈ።

አሁን አስቡት። በክረምት ካንግሪ፣ ያቺ በአኻያ የተጎነጎነች የፍም ማሰሮ፣ ከሰው የማትለይ ነገር ናት። ፈረን ውስጥ ትገባለች፣ ሆድ ላይ ትቀመጣለች። ካንግሪ ሲሰጡህ ማን ያስባል? እጅ በራሱ ይዘረጋል። በረዶ እሳት ውስጥ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልተወለደም። ዙኒ ፍሙን ምድጃው ላይ ደፋች፣ ማሰሮዋን ደጅ አውጥታ አቀዘቀዘች፣ በረዶውን ጠቅጥቃ ሞላች፣ ከላዩ የቀዘቀዘ አመድ ነሰነሰችበት። የፍም መቆስቆሻዋን ትንሿን ማንኪያም በጎኗ ሰካች። ካንግሪ ነው በቃ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ከሱላ ምድጃ ጢሱ ይወጣል፣ ሰው ተሰልፏል። እማማ ራጃ ከፊት፣ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ ሃጂ ሰመድ፣ ስልካቸው ጆሯቸው ላይ። ካንግሪ አልያዙም። ዙኒ ከኋላቸው ቆመች።

«ደረቅ» አሉ ሃጂ ሰመድ ስልኩን እያወረዱ። «እስከ ነገ ጠዋት ደረቅ። ከዚያ ቀላል በረዶ።»

«አልፎ አልፎ» አለ ሱላ ከውስጥ።

ሱላ ልጅ ናት ብሎ ለዙኒ ዳቦዋን አስቀድሞ ሲዘረጋላት ወደ ሃጂ ሰመድ ዘወር አለችና፣ «ሃጂ፣ ይቺን አንዴ ይያዙልኝ፣ እጄ አልበቃኝም» አለች።

ካንግሪዋን ዘረጋች። ሃጂ ሰመድ አዩዋት። ካንግሪዋን አዩ። «የውሃዋ ልጅ» አሉ፣ ፈገግ ብለው፣ ተቀበሏት። ፈረናቸውን ከፈት አድርገው ከውስጥ አስገቧት፣ አቀፏት፣ በእፎይታ ትንፋሽ አወጡ።

አሁን ማለት አለባት። ሳያስቀምጧት። ካስቀመጧት በኋላ ቢባል አይቆጠርም። ግን ዙኒ አፏ ተለጎመ። ያቺ ቀን ከሌት የምትለፈልፈው ዙኒ፣ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጇ ታቅፋ ቆመች፣ ድምፅ የለም።

ሃጂ ሰመድ ጠበቁ። በማንኪያዋ አመዱን ቆሰቆሱ። «ፍምሽ ሞቷል መሰለኝ» አሉ። እንደገና ቆሰቆሱ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ፣ ሆዳቸው ቀድሞ ያወቀው ነገር ወደ ራሳቸው እየወጣ እንዳለ። ካንግሪዋን ከፈረናቸው አወጧት፣ ወደ ባንኮኒው ዘረጓት...

«የአዲስ በረዶ እንኳን አደረሰዎ ሃጂ» አለች ዙኒ። በሹክሹክታ ነው የወጣው። ግን ወጣ። ካንግሪዋም ገና በእጃቸው ነበረች።

ምድጃው ውስጥ አንድ ዳቦ ሲቃጠል እንኳ ሱላ አላየም።

«ዛሬ ደረቅ ነው» አሉ ሃጂ ሰመድ።

«ስልክህ ደረቅ ነው» አሉ እማማ ራጃ። «ሆድህ እርጥብ ነው።»

«እዚህ አልጣለም እኮ ራጃ። እዩ፣ ሰማዩን እዩ።»

«ተራራማ ቦታ ላይ ጥሏል። አልፎ አልፎ። አንተው አይደለህ ስትነግረን የከረምከው? በእጅህ ያለው ምንድን ነው፣ ጨው ነው?»

ሃጂ ሰመድ አመዱን በጣታቸው ገፋ አደረጉ። ነጭ ነው። ጣታቸውን ቀመሱት። ከዚያ ከሆዳቸው ሥር፣ ከዚያው ከረጠበው ቦታ፣ ሳቅ ተነሳ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሱላ በርጩማ እስኪያመጣላቸው። «በካንግሪ» ይላሉ፣ «በፍም ማሰሮ። ያ ረቢ፣ በፍም ማሰሮ።» እንባቸውን ሲጠርጉ፣ «በይ የገኒ ልጅ። ምን ትፈልጊያለሽ? የወንዝ ዓሣ? በግ?»

«ቤታችን ይምጡ» አለች ዙኒ። «ነገ። የሙቢናንና የኢምቲያዝን ቀን ይቁረጡ።»

ሳቁ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ሃጂ ሰመድ ካንግሪዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በማንኪያዋ አመዱን ይቆሰቁሱ ጀመር፤ ዙኒ በዚያ ሰዓት ያቺን ታችኛዋን መንገድ ይዛ ብትጠፋ በወደደች።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሩዝ በዛ ያልኩት ፍሬው ጥርሴ ውስጥ እየገባ ስለሚያመኝ ነው። ሥጋውማ የተወቀጠ ነው፣ እሱን ነበር የምፈልገው።» ከዚያ ቀና አሉ። «እመጣለሁ። ግን እኔም አንድ ቃል እፈልጋለሁ፣ ከሁላችሁም። ገኒ በውርርድ ተገድጄ እንደመጣሁ ካወቀ አንድ ዓመት ሌላ ያኮርፋል፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አኮርፋለሁ። የምመጣው በራሴ እግር፣ በራሴ ልብ ነው። ዛሬ እዚህ ምንም አልተደረገም።»

«ምንም» አሉ እማማ ራጃ።

«የእኔ ምድጃ ነው አፉ የሚከፈተው፣ የእኔ አይደለም» አለ ሱላ።

ሁሉም ዙኒን አዩ። ዙኒ ራሷን ነቀነቀች። ምን ታደርግ? በሰፈሩ ታሪክ ማንም ያላደረገውን አድርጋ፣ ያንን ነገር እንደ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ ይዛ ዳገቱን ወጣች። መንገድ ላይ ሦስት ሰው አገኘች። ለሦስቱም ሰላም ብቻ ነው ያለቻቸው። ሦስቱም ታመመች እንዴ ብለው አሰቡ።

ሐሙስ ደካማው ደመና ገባ፣ ቀላል በረዶ እስከ ታችኛው ሰፈር ወረደ። በዚያ በረዶ ውስጥ ሃጂ ሰመድ ዳገቱን ወጡ፣ ከነሚስታቸው፣ ከነኢምቲያዝ፣ የመዳብ ድስት ይዘው። ገኒ በሩን ከፈተ። «ሩዝ የሌለው ነው» አሉ ሃጂ ሰመድ ድስቱን እያሳዩ፣ «ሥጋ ብቻ። ወንድሜ፣ በጣም ቆየሁብህ።» ገኒ ያን ጊዜ ነው የቀለጠው። ተቃቀፉ። ቀኑ ፖም በሚያብብበት ወር ተቆረጠ። በወንዝ ማዶ የነበረችው ልጅ ደግሞ ወሬ ብቻ ሆና ቀረች፣ የሃጂ ሰመድ እህት ያየችው ላም ነበር፣ ልትገዛት። ኢምቲያዝ ሲወጣ የበሩን መቃን በግንባሩ መታው፣ ሙቢና መስኮት ላይ ቆማ ነበራ። ከስንት ወር በኋላ ሳቀች፣ ድምፅ አውጥታ።

እንግዶቹ ሄዱ። ምድጃው ዙሪያ ተቀመጡ። ገኒ ሻዩን ይዞ እንደ ንጉሥ ተደላድሏል።

«አያችሁ?» አለ። «እኔ አልሄድኩም። አልለመንኩም። ዝም አልኩ፣ ሰውዬው በራሱ ጊዜ መጣ። ማንም ሳይገፋው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናት።

ዙኒ ሻይዋ ውስጥ ገባች።

«ሰመድን የሚያሸንፍ ሰው አልተወለደም ይሉ ነበር» ገኒ ቀጠለ። «እኔ አሸነፍኩት። በትዕግሥት። አንቺ ደግሞ፣ የእኔ ጀግና፣ ውሃ በወረቀት ጠቅልለሽ ይዘሽለት ሄድሽ።» ሳቀ። እናትም ሳቀች። ይባስ ብላ ሙቢናም ሳቀች፣ ያቺ ሙቢና።

ዙኒ ጉንጮቿ ሊፈነዱ ነው። ካንግሪ የሚለው ቃል ከጥርሷ ጀርባ ቆሞ ይገፋል። አባቷ ደግሞ ደስ ብሎት፣ ፊቱ አብርቶ፣ ዓመት ሙሉ ያላየችውን ሳቅ እየሳቀ ወደ እሷ ዘወር አለ።

«ምነው ዙኒ፣ ዝም አልሽ? የምትይው ነገር አለ እንዴ?»

ቤቱ በሙሉ እሷን እያየ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?